ካሳፎርማው ከግድግዳው ጋር አይሄድም

አሶሳ፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ነብዩ፤ ታምፔሬ፣ ፊንላንድ

ከመንደራችን ከአምባ ስምንት እስከ እርስዎ አገር ስንት ወንዝ እንዳለ አላውቅም፤ ሰላምታዬ ግን ሁሉንም ተሻግሮ በጤና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ሕሊና ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ እንጃ። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ በ77 ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው ነው እዚህ የመጡት። እርስዎ ከአገር ሲወጡ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን ኮምፒውተር ተምሬ በጤና ጣቢያችን መረጃ ክፍል እሠራለሁ።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩት እናትዎ እትዬ ብዙወርቅ ስላዘዙኝ ነው። "ልጄ በስልክ 'ሥራ ላይ ነኝ' እያለ ቶሎ ይዘጋብኛል፤ በደብዳቤ ከያዝሽው ግን ማምለጫ የለውም" አሉኝ። ይኸው ያዝኩዎት።

ጉዳዬ ገንዘብ አይደለም፣ አይደንግጡ። በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ ይቀመጣሉ። ማን የትኛው አልጋ ላይ እንዳለች፣ ቀኗ መቼ እንደሆነ፣ የደም ዓይነቷ ምን እንደሆነ የሚጻፈው ነጭ ሰሌዳ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት የአንዲት እናት ስም በሰው ክርን ተጠርጎ ጠፋ። አዋላጃችን ሳሊማ ምጥ የያዛትን ሴት ከሰሌዳው ላይ አጥታ የደም ዓይነቷን ፍለጋ ስትሮጥ ያየሁ ዕለት ይህን በፕሮግራም ካልሠራሁት ብዬ ማልኩ። እናትየዋም ልጇም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፕሮግራሙን የምጽፈው ራስት በሚባለው ቋንቋ ነው። የተዋስናቸው ታብሌቶች አሮጌዎች ናቸው፤ ራስት ደግሞ ለአሮጌ ዕቃ አይከብድም። ዘጠኝ ገጽ አለው፤ እያንዳንዱ ገጽ በአማርኛ፣ በበርታና በኦሮምኛ ነው። አንዲት ነገር በለወጥኩ ቁጥር ሃያ ሰባት ቦታ እዞራለሁ። እኔ የምፈልገው "እዚህ ርዕስ፣ ከሥሩ የእናቶች ዝርዝር፣ ከሥሩ ቁልፍ" ብዬ ምን እንደሚታይ ብቻ ጽፌ፣ አሳሳሉን ራሱ እንዲጨርሰው ነው። ለዚህ ማክሮ የሚባል ዘዴ አለ፤ አንዴ ባጭሩ የጻፉትን፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው ኮምፓይለር ወደ ረጅሙ ኮድ ይዘረጋዋል። ጀመርኩት፣ አልሆነልኝም። ሦስቱን ታብሌቶች ያዋሰን ቢሮ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሥራ ካልጀመሩ ለሌላ ወረዳ እሰጣቸዋለሁ ብሏል።

እርስዎ ኢንጂነር መሆንዎን አምባ ስምንት ውስጥ እንኳን ሰዉ ከብቱም ያውቃል። እባክዎ ይርዱኝ። እትዬ ብዙወርቅም በሥራ ቦታህ ሆነህ አንድ ፎቶ ላክልኝ ብለዋል።

ሕሊና


ታምፔሬ፣ ጁን 9፣ 2024

ለተከበርሽ እህቴ ለሕሊና

ያቺ ትንሽ ልጅ አድጋ ለደብዳቤ መብቃቷ አኩርቶኛል። ለአንቺም ለመላው ቤተሰብም የሐይቅ ዳር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። እዚህ አገር ሥራ ለሰው ፋታ አይሰጥም።

ጥያቄሽን በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። ቴክኖሎጂ በየጊዜው የሚለዋወጥ በመሆኑ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ኮምፒውተርሽን አጥፍተሽ አብሪው። ቀጥሎ ያሉሽን ፕሮግራሞች በሙሉ አድሻቸው። ማክሮ ማብዛት ፕሮግራሙ በሚሄድበት ጊዜ ስለሚያዘገየው በቁጠባ ተጠቀሚበት። የገጹም ቀለም ዓይን የሚስብ ቢሆን መልካም ነው፤ ሰማያዊ ጥሩ ነው።

ለእናቴ ፎቶ ልኬያለሁ። ስለ ሥራዬ ዝርዝር ለመጻፍ የድርጅቱ ደንብ አይፈቅድልኝም።

አክባሪ ወንድምሽ ነብዩ


አሶሳ፣ ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ነብዩ

ዝናቡ ገብቷል፣ ማንጎው ሊያልቅ ነው፣ እኛ ደህና ነን፤ የእርስዎም ደህንነት በሐይቁ ፎቶ ደርሶናል። እትዬ ብዙወርቅ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች እየገፉ ሲፈልጉ ቆዩና "ሐይቁስ ያምራል፤ ልጄ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። ፎቶ አንሺው እሱ ነው አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሞቹንም አደስኩ፣ ዳታዬን ጨረሰብኝ። ገጹንም ሰማያዊ አደረግኩት። ሳሊማ አየችና ቆንጆ ነው፣ ግን አሁንም አይሠራም አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አልገባኝ አለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማክሮ የሚዘረጋው ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን በሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ መሄድ ሲጀምር ማክሮ የሚባል ነገር የለም፣ አልቋል። ታዲያ በምኑ ያዘገየዋል? በእናንተ አገር ሌላ ዓይነት ይኖር ይሆናል።

ጥያቄዬን ላሳንሰው። "ገጽ" ብዬ የሰየምኩት ማክሮ ርዕስ ሲሰጡት ይቀበላል፣ ዝርዝር ሲሰጡት ይቀበላል። ዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር ሳስገባ ግን አሻፈረኝ ይላል። ለምሳሌ ዓኢሻ የምትባል ከሩቅ የምትመጣ እናት አለችን፤ በአልጋ ሦስት ሥር ስሟን፣ በስሟ ሥር ቀኗን፣ የደም ዓይነቷንና አስታማሚዋን ልጻፍ ስል ኮምፓይለሩ "ይህን አልጠበቅኩም" ብሎ ይመልሰኛል። ኮዱን አያይዤዋለሁ፤ ሠላሳ መስመር ናት።

ካልተመቸዎት ቅር አይለኝም። አልችልም ማለትም መልስ ነው።

ሕሊና


ታምፔሬ፣ ጁላይ 14፣ 2024

ለእህቴ ለሕሊና

ዝናቡ ለእህሉ፣ እህሉ ለእናንተ ይሁን። አራት ሳምንት ዝም አልኩሽ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በፊት የጻፍኩልሽን እርሺው፤ ልክ ነሽ፣ ፕሮግራሙ ሲሄድ ማክሮ የለም።

እንዲህ አስቢው። ግድግዳ በፋብሪካ ሲሠራ መጀመሪያ ካሳፎርማ ይገጠማል፤ ኮንክሪቱ የሚፈስበት የእንጨትና የብረት ቅርጽ ነው። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ካሳፎርማው ይፈታል። ግድግዳው ተጭኖ ሕንጻው ወዳለበት ይሄዳል፣ ካሳፎርማው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ይቀራል። ካሳፎርማው ከግድግዳው ጋር አይሄድም። ማክሮሽም እንደዚያው ነው፤ ታብሌቱ ላይ የሚደርሰው በእሱ ውስጥ ፈስሶ የወጣው ኮድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ችግርሽ። መስኮት ያለው ግድግዳ ሲሠራ፣ መስኮቱን ከደረቀ በኋላ በመዶሻ የሚቦረቡር የለም። በትልቁ ካሳፎርማ ውስጥ ትንሽ ካሳፎርማ ይቀመጥና ኮንክሪቱ እሱን ዞሮ ያልፋል። የአንቺ ማክሮ ውስጡ ሌላ ቅርጽ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አልነገርሽውም። ራሱን እንዲጠራ አድርጊው፤ በቅንፉ ውስጥ ያገኘውን ይዞ "ገጽ" ብሎ ከላይ ይጀምር። የሚሠራው ነገር ሲያልቅበት የሚቆምበትን መስመር ግን መጀመሪያ ላይ ጻፊለት። አለዚያ ራሱን ሲጠራ ሲጠራ ኮምፓይለሩ በቃኝ ይልሻል። እኔን ሁለት ቀን ሙሉ በቃኝ ሲለኝ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። ካሳፎርማ ከመሞላቱ በፊት ዘይት ይቀባል። ጥግ ጥጉ በደንብ ካልተቀባ ሲፈታ የግድግዳው ጠርዝ ተቦድሶ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ፊቱ ላይ እድፍ ይተዋል። በጨርቅ ነው ስስ ተደርጎ የሚቀባው፣ በብሩሽ አይሆንም። ይህ ከማክሮ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እንዲያው ጻፍኩት።

ኮድሽን አስተካክዬ ልኬዋለሁ። እኔ ጋ ሠርቷል። አንቺም ጋ ከሠራ ንገሪኝ፣ እጠብቃለሁ። ለእናቴ የዛፍ ፎቶ ልኬላታለሁ።

ነብዩ


አሶሳ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ነብዩ

ሠራ። ሰላምታውን አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን ሠራ። አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ፤ እጅዎ አይዛል፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ፣ የሚያስቡት ሁሉ ይሙላ።

ዓኢሻ አልጋ ሦስት ውስጥ ገባች፤ ቀኗም፣ የደም ዓይነቷም፣ አስታማሚዋም በየቦታቸው ተቀመጡ። ከሦስት ሺህ መስመር በላይ የነበረው ኮዴ አራት መቶ ገባ። ለሳሊማ ለማሳየት አንዱን ርዕስ ከነትርጉሙ አንድ ቦታ ላይ ለወጥኩትና በሦስቱም ቋንቋ ዘጠኙም ገጽ ላይ ተለወጠ። የበርታውን እሷ ራሷ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ቢሮዬ ውስጥ እስክስታ ወረደች፤ እኔም ብቻዋን አልተውኳትም። ጥበቃው በመስኮት አይቶን ሄደ።

ያቺ የዘይት ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። አባቴ ግንበኛ ነው፤ ደብዳቤዎን ባነብለት "ይህ ሰው በገዛ እጁ ቀብቶ የሚያውቅ ነው" አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርዎ። "የዚህ ወር እናቶች" የሚል ገጽ ያስፈልገናል፤ በኛ አቆጣጠር ለየወሩ አንድ ቁልፍና አንድ ዝርዝር ያለው። ሳሊማ የእርግዝናውን ሳምንት ስታስገባ ቀኑን የሚያሰላውን ክፍል እኔ ጨርሻለሁ። የወሮቹን ማክሮ እርስዎ ቢሠሩልኝ እኔ ሠራተኞቹን ማሠልጠን እጀምራለሁ። የፕሮግራሙ ምርቃት ጳጉሜ 1 ቀን ነው፤ የቢሮው ሰውም ያን ቀን መጥቶ ታብሌቶቹ ይቅሩ ወይም ይሂዱ ብሎ ይወስናል።

እትዬ ብዙወርቅም ተጋብዘዋል፣ አዲስ ቀሚስ እያሰፉ ነው። የዛፉን ፎቶ አይተው "ሐይቁን አየሁት፣ ዛፉን አየሁት፣ አገሩን ሁሉ አየሁት" ብለዋል።

ሕሊና


ታምፔሬ፣ ኦገስት 4፣ 2024

ለእህቴ ለሕሊና

ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። የአባትሽም እጅ ይባረክ፤ ሰው ያውቃል።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። የመጣሁት ለኮምፒውተር ትምህርት ነው፣ ይህ እውነት ነው። አንድ ዓመት ተማርኩና ወደቅኩ። ከዚያ የግድግዳ ፋብሪካ ገባሁ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ካሳፎርማ ስገጥም፣ ዘይት ስቀባ፣ ስፈታ ኖርኩ። ሥራው መጥፎ አይደለም፣ ባልደረቦቼም ጥሩ ሰዎች ናቸው። እናቴ ኢንጂነር ነው ማለት ስትጀምር አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ያን ቀን አላልኩም። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? ስለዚህ ስልክ ቶሎ መዝጋት ለመድኩ።

ራስት የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ከአንቺ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን መልስ ስጽፍ ላብ አጥምቆኝ ነበር። "አልችልም ማለትም መልስ ነው" ያልሽውን ሳነብ ግን እልህ ያዘኝ። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩ። በአውቶቡስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ስንጠብቅ አነበብኩ። ማክሮ ማለት ካሳፎርማ መሆኑ የገባኝ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። በዐሥር ዓመት ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ሕሊና።

የወሮቹን ማክሮ ልኬያለሁ። የወሮቹን ስም በተርታ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ ለየአንዳንዱ ቁልፍና ዝርዝር ያወጣል። ኮምፓይለሩ "ከእነዚህ ሌላ የወር ቁጥር ቢመጣስ?" እያለ ሲነዘንዘኝ "ሌላ ከሆነ ባዶ አሳይ" ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ለእናቴ አትንገሪያት። እኔ ነኝ የምነግራት፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። በሰው ፊት አንገቷን ማስደፋት እፈራለሁ። አንቺም ካሁን በኋላ ጋሼም እርስዎም አትበይኝ፣ ይከብደኛል።

ነብዩ


አሶሳ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነብዩ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ይኸው "አንተ" አልኩህ፤ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት።

ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ነው ያወቅኩት። አጥፍተሽ አብሪው የሚል ኢንጂነር ሞልቷል፤ ሰማያዊ ጥሩ ነው የሚል ግን አላጋጠመኝም። ሁለተኛ የጻፍኩልህ በቁም ነገር ልፈትንህ ብዬ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ከዜሮ ተነስቶ በአራት ሳምንት ያን ጽፎ የሚልክ ሰው ሲገኝ ግን እኔ ሌላ ኢንጂነር አልፈልግም።

የወሩ ገጽ ሠርቷል። ሐምሌን ሞከርኩት፣ ነሐሴን ሞከርኩት፣ ስሞቹ ኩልል ብለው ወጡ። ለእትዬ ብዙወርቅ አልናገርም፤ የአንተ አፍ ነው የሚናገረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ችግሩ እሳቸው ጳጉሜ 1 ቀን "የኢንጂነሩ እናት" ተብለው ፊት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው። ከዚያ በፊት ብትነግራቸው ይሻል ነበር። ፍርዱ የራስህ ነው።

ሕሊና


አሶሳ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለነብዩ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ጉድ ከእኛው ቤት ወጣ። አንተ ግማሹን በስልክ መስኮት አይተሃል፤ ቀሪውን እኔ ልንገርህ።

ግቢው ውስጥ በቀርከሃ ዳስ ሠርተን፣ አራት ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ተቀምጧል። የቢሮው ሰው አለ፣ ሳሊማ አዲስ ጋወን ለብሳለች፣ የማቆያው እናቶች ሆዳቸውን ይዘው በተርታ ተደርድረዋል። እትዬ ብዙወርቅ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ከአጠገባቸው ለተቀመጡት ሁሉ ይህን የሠራው ልጄ ነው ብለው ነግረው ጨርሰዋል። እኔም አጭር ንግግር አድርጌ "የዚህ ወር እናቶች" የሚለውን ከፈትኩ።

ነጭ ገጽ። ስም የለ፣ አልጋ የለ። ሁለተኛውን ታብሌት ከፈትኩ፣ ነጭ። ሦስተኛውም ነጭ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነሐሴ 30 ስሞክረው ሁሉም ነበሩ። ሳሊማ ጠጋ ብላ "ሕሊና፣ እናቶቹ የት ሄዱ?" አለችኝ። የቢሮው ሰው ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ አንዱን ታብሌት ወደ ቦርሳው ሲያስገባ አየሁት። ኮዱን ከፈትኩ፣ ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን መሰለኝ።

ያን ጊዜ ነው መልእክት የላኩልህ። "ገጹ ባዶ ሆነ። ልደውል? እትዬ ብዙወርቅ አጠገቤ ናቸው" ነበር ያልኩህ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ነው የጨመርኳት፤ በድምፅ ብቻ ማውራት ከፈለግህ እንድትችል ብዬ ነው። አንተ ግን ራስህ ደወልክ፣ ካሜራህንም ከፍተህ።

ቢጫ ቆብህን አድርገህ፣ እስከ ክርንህ ኮንክሪት ተለውሰህ ታየህ። ከኋላህ ትልቅ ግድግዳ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። እትዬ ብዙወርቅ ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አንተ መጀመሪያ "እማዬ፣ እንደምን አደርሽ" አልክ። እሳቸው ቆብህን፣ እጅህን፣ ግድግዳውን ያያሉ። ከዚያ እኔን ዛሬ ስንት ነው አልከኝ። ጳጉሜ አንድ አልኩህ። ያን ኮንክሪት የለበሰ እጅህን ግንባርህ ላይ ስትጥለው አየን።

ወሮቹን ዐሥራ ሁለት አድርጌያቸዋለሁ ስትል ዳሱ ውስጥ የተነሳው ሳቅ ከመንገድ ሰው ጠራ። አንድ ሽማግሌ ያ አገር ጳጉሜን የሚያስረሳ ከሆነማ ልጆቻችንን አንልክም አሉ። እኔም ከአንተ አልሻልም፤ ጳጉሜ ለምርቃት ቀጥሬ ጳጉሜን ሳልሞክር የመጣሁ ነኝ። ከነሐሴ ቀጥሎ አንዲት ቃል ጨመርኩ። ራስት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ የሚፈጥነው ሲሄድ ነው እንጂ ሲዘጋጅ አይደለም፤ በእኔ ኮምፒውተር አራት ደቂቃ ይፈጃል። ያ ሁሉ ሰው አራት ደቂቃ ሙሉ አንተን ሲያይ ነበር፤ አንተም አልዘጋህም።

እትዬ ብዙወርቅ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው። "ሁለት ሥራ እንዳለህ ለምን አልነገርከኝም?" አሉህ። እየሳቅክ ይሁን እያለቀስክ አልለየሁም፤ ከሥራ ስወጣ እደውልልሻለሁ አልካቸው።

ስሞቹ ተመለሱ። አንዲት ቃል ነበረች፣ በሦስቱም ቋንቋ በየገጹ ሁሉ ዐሥራ ሦስተኛው ወር ገባ። አዲሱን ፕሮግራም በኬብል ታብሌቶቹ ላይ አንድ በአንድ ጫንኩ፤ የቢሮው ሰውም ታብሌቱን ከቦርሳው አውጥቶ ለሳሊማ በሁለት እጁ ሰጣት። ከሰዓት በኋላ ዓኢሻ ወለደች፣ ሴት ናት። ሳሊማ "ወለደች" የሚለውን ስትነካ ዓኢሻ ከአልጋዎቹ ገጽ ጠፍታ፣ ማንም ሳይስላት፣ የወለዱት ገጽ ላይ ብቅ አለች፤ የተያዙት አልጋዎችም ቁጥር በራሱ ቀነሰ። ከጠዋቱ ጀምሮ ያላለቀስኩት እዚያ ላይ አለቀስኩ፣ በደስታ ነው።

እትዬ ብዙወርቅን ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ምን እንዳልካቸው ንገረኝ፤ ማረፍ አልቻልኩም።

ሕሊና


ታምፔሬ፣ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሕሊና

አዲሱ ዓመት ለአንቺ፣ ለሳሊማ፣ ለዓኢሻና ለትንሿ ልጇ የጤና ይሁን። የማቆያው አልጋ ሁሉ በደስታ ገብተውበት በደስታ የሚወጡበት ይሁን።

ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ደወልኩላት። ሁለት ሥራ የለኝም፣ እማዬ፣ ያለኝ አንድ ነው አልኳት። ከትምህርቱ መውደቄን፣ ፋብሪካውን፣ ዐሥሩን ዓመት፣ ያንቺን ደብዳቤ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"ኢንጂነር ማለቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። በወደቅኩ ጊዜ አምስት ወር ሳልደውል ቆይቼ ነበር፤ ረስቼው ነበር፣ እሷ ግን ቀኑን ቆጥራዋለች። ሰው ልጅሽ ምን ሆነ እያለ ይጠይቃታል። "አላውቅም ልበል? ልጇን የማታውቅ እናት ከምባል የሄድክበትን ነው የነገርኳቸው" አለችኝ። እሷን ላለማሳፈር ስሸሽ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ደግሞ እኔ ዝም ያልኩበትን ቦታ ሰው እንዳያይባት ስትሸፍን ኖራለች። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ጳጉሜን መርሳቴ ትዝ አላትና መሳቅ ጀመረች፣ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ማን ያቁመው። ስንት ሰዓት ትገባለህ፣ ምሳ ምን ትበላለህ፣ ሲሚንቶው እጅህን አይሰነጥቀውም ወይ፣ ምን ትቀባዋለህ። የባልደረባዬን ስም ጠየቀችኝ፣ መጥራት አቃታት፣ የራሷን ስም አወጣችለት። ልዝጋ ብላት ዛሬ አትዘጋም አለችኝ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አወራን። ግንቦት ላይ ፈቃድ እወስዳለሁ፣ እመጣለሁ ብያታለሁ። ከአንቺም ጋር ያኔ ያን "ሌላ ከሆነ ባዶ አሳይ" የሚል መስመር አብረን እናወጣዋለን፤ በእሱ ቦታ ስህተት አለ ብሎ የሚጮህ እናስገባለን።

በመጨረሻ ግድግዳው ስንት ቁመት አለው አለችኝ። ሦስት ሜትር ከሃያ ነው አልኳት። በቀን ስንት ታወጣላችሁ አለች። እኔና ባልደረባዬ ስድስት እናወጣለን አልኳት። በአፏ ሦስት ከሃያን በስድስት ስታባዛ ሰማኋት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"እንግዲህ ካሁን በኋላ ልጅሽ ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁኝ በሜትር እነግራቸዋለሁ።"

ነብዩ